ሰፈር የማን ልጅ ነው?

ባለፈው ወር አንድ ማታ መብራት ጠፋና ማጥናት ስላልተቻለ በዶርማችን ውስጥ ወግ ተጀመረ። ወጉ ከምግብ ወደ ፈተና፣ ከፈተና ወደ አገር ቤት ዞረና በመጨረሻ እያንዳንዳችን ያደግንበትን ሰፈር ወደ ማውራት ደረስን። ተራዬ ሲደርስ የካዛንቺሱ ቅያሳችን፣ ጉሊቱና ቦኖው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንዴት እንደ ጠፉ ስናገር ሳይታወቀኝ ድምፄ ተሰበረ። ይኸን ጊዜ ከላይኛው አልጋ አንዲት ጓደኛችን፣ «ኧረ ተይ እባክሽ! ካዛንቺስ እኮ ጣልያን ለራሱ ሰዎች የሠራው ሰፈር ነው። ስሙም የጣልያን፣ ቤቱም የጣልያን። የፋሺስት ሰፈር ፈረሰ ብሎ ማልቀስ ምን የሚሉት ነው?» አለች።

ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የተናገረችው ውሸት አልነበረምና። እውነት ሆኖ ሳለ አንድ ቦታ ላይ የተሳሳተ ነገር እንዳለበት ይሰማኛል፤ ስሕተቱ የቱ ጋ እንደ ሆነ ግን ማሳየት አልቻልሁም። ይህ ጽሑፍ ያን ማታ ላጣሁት መልስ የተደረገ ፍለጋ ነው። ጥያቄውን በአጭሩ ላስቀምጠው፤ የአንድ ነገር መነሻ በዚያ ነገር ላይ ምን ያህል ይፈርዳል? ሰፈሩን «ማን ጀመረው?» ማለትና «የማን ነው?» ማለት አንድ ጥያቄ ነው ወይስ ሁለት?

ከቃሉ እንነሣ። «ሰፈር» የሚለው ቃላችን «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ የሚሰፍር ደግሞ ጦር ነው። «ከተማ»ም ቢሆን ከ«ከተመ» የመጣ ሆኖ ጉዞን ገትቶ ማረፍን ያመለክታል። እንግዲህ ዛሬ የቋሚ ኑሮ ምልክት አድርገን የያዝናቸው ሁለቱም ቃላት የተወለዱት ከመንገደኛ አፍ ነው፤ ዛሬ ድንኳን ተክሎ ነገ ከሚነቅል ሰው አፍ። አዲስ አበባም አጀማመሯ ይኸው ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃው ወርደው በ1879 ዓ.ም. ቤት ሲያሠሩ ከተማዪቱ ስሟን አገኘች። መኳንንቱም በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በየኮረብታው ቦታ እየተሰጣቸው፣ እነሱ በመካከል ጭፍራቸው በዙሪያ ሆኖ ሰፈሩ። ስለዚህ ብዙዎቹ ሰፈሮች የሹም ስም ይዘው ቀሩ፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር እንደሚባለው ማለት ነው። ሌሎቹ ነዋሪዎቹ በመጡበት አገር ተጠሩ፤ ጎፋ ሰፈርና ወሎ ሰፈር ለምሳሌ። ሌላው ደሞ በሙያው ተጠራ፤ ሠራተኛ ሰፈር። ሹምም መሐንዲስም ሳያውቀው ሕዝቡ ራሱ ስም ያወጣላቸውም አሉ፤ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ።

መንገዱስ? መንገድ የሚባለው ነገር በመጀመሪያ በሰፈርና በሰፈር መካከል የተረፈ ባዶ ቦታ ነበር። ሰው ወደ ግብር፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ወንዝ ሲመላለስ ሣሩ ይሞታል፤ ሣሩ የሞተበት ቦታ መንገድ ይባላል። የአሮጌው አዲስ አበባ መንገድ ጠመዝማዛ የሆነው ሠሪዎቹ ቀጥ ያለ ነገር ስለማያውቁ አይደለም፤ የኮረብታውን ጉብታና የሰውን አጥር እየዞረ ስለ ሄደ ነው።

ነገር ግን «በ1879 ተጀመረ» ማለት «ከዚያ በፊት ባዶ ነበር» ማለት አይደለም። ያ ምድር ፊንፊኔ ይባል ነበር። ኦሮሞዎች ያርሱበት፣ ከብት ያሰማሩበት፣ ፍል ውኃውንም ያውቁት ነበር። የመጀመሪያ ብለን የምንጠራው ሰፋሪ ከሌላ ሰው በኋላ የመጣ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ካዛንቺስ። የጣልያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። እንደ ገባም ከተማዪቱን የግዛቱ ራስ ሊያደርጋት አስቦ ፕላን ማስነደፍ ያዘ። ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ እንኳ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ለአዲስ አበባ አንድ ንድፍ ሠርቶ ነበር። በዚያ ወረቀት ላይ አንድ ሰፊ ጎዳና ከተማዪቱን ሰንጥቆ ይሄዳል፤ ቀድሞ የነበረው ሰውና ቤት ግን የለም። ለፕላኑ ሥራ የተመረጡት ጉዊዲና ቫሌ የሚባሉ ጣልያኖች ነበሩ። የፕላኑ ዋና ሐሳብ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ እንዲኖር ነው። የአገሬው ሰው ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተደረገ፤ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያም ወደዚያው ተዛውሮ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ተባለ፤ የአገሬው ሰው ገበያ ማለት ነው። ለጣልያን ተራ ሠራተኞች ፖፖላሬ ተሠራ። ለቅኝ ግዛቱ ጸሐፊዎችና ሹማምንት ደግሞ ሌላ ሰፈር ተሠራ። ይህን ያሠራው ድርጅት የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች ብሔራዊ ተቋም ይባል ነበር፤ የጣልያንኛ ስሙ በየመጀመሪያው ፊደል ሲያጥር «ኢንቺስ» ይሆናል። ቤት በጣልያንኛ «ካዛ» ነው። ካዛ ኢንቺስ፤ ካዛንቺስ። የልደት ወረቀታችን ይኸው ነው።

ይህን ለማለሳለስ አልፈልግም። ቤቶቹ የተሠሩባቸው ዓመታት የየካቲት 12 ዓመታት ናቸው። በ1929 ዓ.ም. በዚያ ሦስት ቀን በዚችው ከተማ ሰው በየደጃፉ ተገድሏል፤ ጎጆ ከነነዋሪው ተቃጥሏል። ያ መንግሥት ጣልያናዊ ከኢትዮጵያዊት ጋር በትዳር መልክ እንዳይኖር በሕግ የከለከለ መንግሥት ነው። ስለዚህ ጓደኛዬ «የፋሺስት ሰፈር» ስትል ስም ማጥፋቷ አልነበረም። ያ ቀጥ ያለ ጎዳና ሲዘረጋ እንደ አያቴ ያለ ሰው ጎረቤት ሆኖ እንዳይኖርበት ታስቦ ነው።

ታዲያ እንዴት ሆኖ የአያቴ ሆነ?

ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ወጣ። ቤቶቹ ባዶ አልቀሩም፤ የአገሩ ሰው ገባባቸው። ስሙም አልተፋቀም። ሕዝቡ የጠላትን ስም ወስዶ በአፉ እያላመጠ ጣልያንነቱ እስኪጠፋ ድረስ የራሱ አደረገው። አንድ ቀን አያቴን፣ «ካዛንቺስ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ሽሮዋን እያማሰለች ቀና ብላ አየችኝና፣ «ካዛንቺስ ማለት ካዛንቺስ ነዋ! ቤታችን ነው» አለችኝ። የጣልያንኛውን ትርጉም ግማሹን ሳታውቀው መለሰችው።

አያቴ ከመርሐቤቴ የመጣችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ልጅ ነበረች፤ አክስቷ በአንድ ቪላ ውስጥ ምግብ ታበስል ነበርና እሷንም ለሥራ አስገባቻት። ከቪላው በስተጀርባ ያለው ቦታ ያን ጊዜ ሣርና ባሕር ዛፍ ብቻ ነበር ትላለች። አብሳዪቱ፣ ዘበኛው፣ አጣቢዪቱ፣ ሾፌሩ በጌታው ግቢ ውስጥ ለዘለዓለም አያድሩም፤ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ። ስለዚህ ከጀርባው በጭቃና በጣውላ አንድ ክፍል፣ ከዚያ ሌላ ክፍል እየተቀጠለ ሄደ። አያቴም ስታገባ ከነዚያ ክፍሎች አንዱን ተከራየች። ውኃ የሚቀዳው ከታች ከቦኖው ነበርና ከየበሩ ወደ ቦኖው የሚወስድ አንድ ቀጭን መንገድ ወጣ። «መጀመሪያ መንገድ የሚባል አልነበረም፤ እንሄድበት ነበር እንጂ» ትላለች አያቴ። ማንም ይህን ዓረፍተ ነገር ከሷ በተሻለ አይናገረውም።

«ቅያስ» የሚለው ቃል «ቀየሰ» ከሚለው የወጣ መሆኑን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። የእኛን ቅያስ ግን የቀየሰ መሐንዲስ የለም። የቀየሱት እንስራና ባልዲ የተሸከሙ ሴቶች ናቸው። ጥግ ላይ የሚጠመዘዘው አንዲት ሴትዮ የማድቤቷን ግድግዳ ወደ ውጭ ስለ ገፋች ነው። ጎረቤቶቿ ሁለት ሳምንት ተኳርፈዋት ኋላ ልጇ ሲታመም ሁሉም ገብተው ሲያስታምሙ ነገሩ ተረሳ፤ ግድግዳውም እንዲያው ቀረ። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ በየቀኑ የምዞረው ያን ኩርፊያና ያን ዕርቅ ነበር ማለት ነው። በካዛንቺስ እንግዲህ ሁለት ዓይነት መንገድ ጎን ለጎን ኖረ፤ አንዱ በገመድ የተዘረጋ፣ ሌላው በእግር የወጣ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። ስለ መነሻ ስናስብ በሁለት ዓይነት ስሕተት የምንወድቅ ይመስለኛል።

አንደኛው የጓደኛዬ ነው፤ «የመነሻ ኩነኔ» ልበለው። ነገሩ ከክፉ ስለ ተወለደ ክፉ ነው የሚል ነው። ሰውን በተመለከተ ይህን ፍርድ እንዳይረባ አድርገን ትተነዋል። አንድ ልጅ አባቱ ሌባ ስለ ነበረ አናስረውም። ሰፈርን በተመለከተ ግን ያለ ምንም ሐፍረት እንናገረዋለን። የሚገርመው፣ ይህን ስሕተት የሠራሁት እኔም ነኝ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ሲነሡ፣ እኔ በታክሲ መስኮት እያየሁ አልፌያለሁ። አብራኝ የነበረችው የክፍል ጓደኛዬ ዝም ስትል፣ «ምን ያሳዝናል? የስካርና የቆሻሻ ሰፈር ነው፤ ስሙን አትሰሚውም?» ብያት ነበር። ያቺ ልጅ አክስቷ እዚያ እንደምትኖር የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ዓመት ሳይሞላ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ተራው የእኛ ሆነ። ከላይኛው አልጋ የመጣው ድምፅ እንግዲህ የእኔው የራሴ ድምፅ ነበር፤ ሌሊቱን እንቅልፍ የነሣኝ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ «የመነሻ ርስት» እንበለው። ቀድሞ የመጣ ብቻ ባለቤት ነው የሚል ነው። ሩሶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1755 ባወጣው ስለ ሰዎች አለመተካከል በሚናገረው ድርሰቱ የመሬት ባለቤትነትን አመጣጥ ሲመረምር ነገሩን ሁሉ በአጥር ይጀምራል፤ አንዱ ያጥራል፣ ሌላው ዝም ይላል፣ ከዚያ ወዲህ ያለው መከራ ሁሉ ይከተላል። ከሱ በፊት የነበረው ሎክ ደግሞ ባለቤትነትን ከድካም ያመጣዋል፤ ሰው ላቡን ከመሬቱ ጋር ሲያዋሕድ የሱ ይሆናል ይላል። ሁለቱን በካዛንቺስ ላይ እስቲ እንሞክራቸው። በአጥር ከሄድን የማን አጥር ነው የመጀመሪያው? የጣልያን ነው? ከሱ በፊት ርስት የተሰጠው ሹም ነው? ከሹሙስ በፊት እርሻውን በእሾህ ያጠረው የፊንፊኔ ገበሬ? በላብም ከሄድን ገበሬው ላቡን አፍስሷል፤ የቪላውን ድንጋይ የተሸከመውም አፍስሷል፤ አያቴም ግድግዳዋን በየክረምቱ መርጋለች። ላብ ሁሉ ከአንድ አፈር ገብቶ ተቀላቅሏል። የማንን ላብ ለይተን እናወጣዋለን?

ከዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ሳልመልሰው ባልፍ አታላይ እሆናለሁ። «እንግዲያው መነሻውን ከተውሽው፣ ጣልያኑም ‹ቤቱ ውስጥ ስለምኖር የእኔ ነው› ቢል ምን ትይዋለሽ? የተዘረፈ ነገር ጊዜ ሲያልፍበት ይጸድቃል ልትይ ነው? ይህ እኮ የዘራፊ ፍልስፍና ነው።»

ጊዜ አያጸድቅም። ይህን በሙሉ አምናለሁ። ጊዜ ብቻውን የሚያጸድቅ ቢሆን ኖሮ ዘራፊ ሁሉ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነበር። ነገር ግን በጣልያኑ ጸሐፊና በአያቴ መካከል ያለው ልዩነት የዓመት ብዛት አይደለም፤ ያገባባቸው መንገድ ነው። ጸሐፊው የገባው ሌላው እንዳይገባ በመከልከል ነው፤ መብቱ የተሠራው ከክልከላ ነው። አያቴ የገባችው ምጣድ በመዋስ ነው። እሷ ስትገባ የወጣ የለም። ከሷ በኋላም ሌላ ሲመጣ እሷ ምጣድ አዋሰች። ከጉራጌ የመጣው ባለሱቅ፣ ከወለጋ የመጣችው እንጀራ ጋጋሪ፣ ከጎንደር የመጣው ማሲንቆ መቺ በዚያ ቅያስ ግድግዳ ተጋርተዋል፤ አንዱ የሌላውን ልጅ ቀጥቷል፣ አንዱ የሌላውን ሬሳ ተሸክሟል። ሰፈርን የሚያጸድቀው ጊዜ ሳይሆን ጉርብትና ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለጨዋታ አይደለም።

ቀደም ሲል «ይያዝልኝ» ያልሁት ነጥብም መመለሻው እዚህ ነው። የፊንፊኔው ገበሬ ጉዳይ አያቴ ጥሩ ጎረቤት ስለ ሆነች አይሰረዝም። የተነሣ ሰው ነበረ፤ ይህ መነገር አለበት፤ በመጽሐፍም፣ በትምህርት ቤትም፣ በሰፈሩ ታሪክ ውስጥም። ነገር ግን ይህ ዕዳ የሚከፈለው አንዱን ድሀ በሌላ ድሀ በመተካት አይደለም። የሚከፈለው እውነቱን በመናገርና በዛሬው ሰፈር ውስጥ ለሁሉም ቦታ በመስጠት ነው። መነሻ ለማወቅ ይጠቅማል፤ ለማስወጣት ሲውል ግን እንደገና ያው ጣልያኑ የተጠቀመበት መሣሪያ ይሆናል።

እንግዲህ ሁለቱ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። «ማን ጀመረው?» የእውነት ጥያቄ ነው፤ መልሱ አሳፋሪም ቢሆን ሙሉውን መመለስ አለብን። «የማን ነው?» ግን የኑሮ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ከልደት ወረቀቱ ላይ አይገኝም።

ሕጉ ይህን ሁለተኛ ጥያቄ እንዴት መለሰው? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማውን መሬት በሙሉ፣ ከአንድ በላይ የሆነውንም ቤት ሁሉ የመንግሥት አደረገው። የወር ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆነ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ለአያቴ ይህ ታላቅ ቀን ነበር። ኪራይዋ ተቀነሰላት፤ «ነገ ልቀቂ» የሚላት አከራይ ቀረ። ግን ደግሞ አንድ ነገር ሳይመለስ ታለፈ። ቤቱ የአከራዩ መሆኑ ቀረ እንጂ የሷ አልሆነም። ከአምሳ ዓመት በላይ ግድግዳውን መረገች፣ ቆርቆሮውን ለወጠች፣ ሁለት ልጅ ወለደችበት፣ ባሏን ሸኘችበት፤ በወረቀት ላይ ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን «ተከራይ» ነበረች። ኪራይ ተቀባዩ ከጌታ ወደ ቀበሌ ተለወጠ እንጂ አዲስ መንገድ ሲታሰብ «ምን ይመስልሻል?» ብሎ የጠየቃት የለም።

በ2017 ዓ.ም. የመጣው ነገር በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው። ለመንገድና ለከተማ ማደሻ ሥራ ሰፈሩ እንደሚነሣ ተነገረን፤ ጊዜው አጭር ነበር። ምትክ አላገኘንም ብል እዋሻለሁ። በከተማው ዳር በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተሰጣት። ውኃ በቤቷ ውስጥ ይመጣል፤ የራሷ ሽንት ቤት አላት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያን ቅያስ ገነት አድርገው የሚጽፉ ሰዎች ለሃያ ሰው በአንድ ሽንት ቤት ተሰልፈው የሚያውቁ አይመስለኝም። ክረምት ሲገባ ጎርፉ በአያቴ በር ገብቶ በጓዳው ይወጣ ነበር። አንድ ሌሊት እሳት ቢነሣ መኪና መግቢያ አልነበረውም። መለወጥ የነበረበት ሰፈር ነው። ይህን የማይቀበል ሰው በድህነት ላይ ግጥም የሚገጥም ሰው ነው።

ጥያቄዬ ስለ መለወጡ ሳይሆን ስለ አለዋወጡ ነው። የቅያሳችን ሰዎች ቤት እንደ ዕጣቸው ወደ አራት አምስት ቦታ ተበተኑ። የዕድራችን ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ለጊዜው በአንድ ሰው ግቢ ተከምሮ ተቀመጠ። ጡሩምባ ነፊው በአንዱ ጫፍ፣ ዳኛው በሌላ ጫፍ። አያቴ በአዲሱ ቤት የመጀመሪያዋን ማታ ቧንቧውን ከፍታ ውኃው ሲወርድ ለረጅም ጊዜ እጇን አስነክታ ቆየች። ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ ዘጋችውና፣ «ውኃውስ ደግ ነው፤ ብሞት ግን ማን ይሰማል?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አሁን ሳስበው ግን ያቺ ጥያቄ ከሩሶም ከሎክም ይልቅ ወደ ነገሩ ሥር የደረሰች ናት። የሰፈር ባለቤት መሆን ማለት ስትሞት የሚሰማ ሰው ያለህ መሆን ነው። ይህ በካርታ ላይ አይጻፍም፤ የካሣ ሒሳብ ሲሠራም ዓምድ የለውም። ግድግዳ በካሬ ሜትር ይለካል፤ ዕድር በምን ይለካል?

ፕላን አይኑር ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይመስለኛል። ከተማ ያለ ገመድ አይሠራም፤ ቱቦ በእግር ዱካ አይቀበርም። ነገር ግን የገመድ ጠባይ ምን እንደ ሆነ ካዛንቺስ ሁለት ጊዜ አስተምራናለች። ሁለቱን ጊዜያት አንድ ናቸው አልልም፤ ወራሪ ሌላ ነው፣ የአገር መንግሥት ሌላ ነው፤ አንዱ ሊለየን ሠራ፣ ሌላው ከተማ ሊያሳድግ ሠራ። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከወረቀቱ ላይ የሚታየው መሬቱ እንጂ ሰው አይደለም። ቀጥ ያለ መስመር የሚያሰምር እጅ ክፉ መሆን አያስፈልገውም፤ አለመጠየቁ ብቻ በቂ ነው። መነሻን ማስታወስ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ካዛንቺስ ከምን እንደ ተወለደች የሚያውቅ ሰው ገመድ ሲይዝ እጁ ትንሽ ይዘገያል ብዬ አምናለሁ። የረሳ ግን ሳያውቀው ያንኑ ይደግማል።

ይህን የምጽፈው ለባለሥልጣን አይደለም። ለእናንተ፣ ለእኩዮቼ ነው። ከመካከላችን መሐንዲስ የሚሆን አለ፤ የሕግ ሰው የሚሆን አለ፤ እንደ እኔ ያለው የታሪክና የቋንቋ ተማሪም ቢሆን ነገ የመንገድ ስም የሚያወጣ ኮሚቴ ውስጥ ይቀመጥ ይሆናል። ገመዱ ወደ እኛ እየመጣ ነው። ሲደርሰን ሦስት ነገር እንድንጠይቅ እፈልጋለሁ። እዚህ ማን ነበረበት? ማን ተጠየቀ? ሥራው ሲያልቅ ማን ይመለስበታል? ጎረቤት የነበሩ ሰዎች ከሄዱም አብረው እንዲሄዱ ማድረግ ድንጋይ ከማንጠፍ የከበደ ሥራ አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ አያቴን ልጠይቃት ሄጄ ነበር። በደረጃው ሥር ስድስት ሰባት ሰዎች ክብ ሠርተው ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ ከካዛንቺስ፣ አንዳንዶቹ ከፒያሳ፣ ሌሎቹ በዕጣ ከልዩ ልዩ ቦታ የመጡ ናቸው። ክርክሩ ስለ ዕድር ነበር፤ የሚቋቋመው ዕድር ስሙ ማን ይባል? አንዱ ሰውዬ የብሎኩን ቁጥር ይሁን አሉ። አያቴ በርጩማዋ ላይ ሆና፣ «ቁጥር ለእስረኛ ነው» አለች። ከዶሮ ማነቂያ የመጡ አንዲት እናት ከት ብለው ሳቁ። እኔ እኒያን እናት ሳይ በታክሲው መስኮት የተናገርሁት ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ። ስሙ ሳይወሰን ተበተኑ፤ መዋጮው ግን ተወሰነ።

በሕንፃውና በአስፋልቱ መካከል ገና ያልተነጠፈ ሜዳ አለ። ስወጣ አየሁት፤ ከደረጃችን ወደ ታችኛው ጉሊት የሚወስድ አንድ ቀጭን መስመር ሣሩ ሞቶበታል። ለዶርም ጓደኛዬ መልሴ ይኸው ነው። ካዛንቺስን ጣልያን ጀመራት፤ እውነትሽን ነው። ሰፈር ያደረጓት ግን ምጣድ የተዋዋሱት ሰዎች ናቸው፤ እኔም ያለቀስሁት ለነሱ ነው።